አወዳደቅን ማሳመር

«አወዳደቄን አሳምርልኝ» የሚለው ጸሎት ስለ ሕይወት ፍጻሜ የሚጸለይ ነው። ጁዶ ሊማር የሄደ ጀማሪ ግን ነገሩን በመጀመሪያው ቀን ቃል በቃል ይማረዋል። ሰው ጥሎ ማሸነፍን ሲያልም የሰነበተ ወጣት ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ነጭ ቀበቶውን አስሮ ምንጣፉ ላይ ይወጣል። አሠልጣኙ ቁጢጥ እንዲል ያዙታል። አገጩን ከደረቱ ያጣብቃል፤ ጀርባውን አጉብጦ ወደ ኋላ ይንከባለላል፤ ጀርባው ምንጣፉን በነካባት ቅጽበት ሁለት እጆቹን ወደ ጎን ዘርግቶ በመዳፉ ጧ ያደርጋል። ይነሣል፣ ይደግማል። ያን ቀን ማንንም ሳይጥል፣ ራሱ ደጋግሞ ወድቆ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ትምህርቱ ከመውደቅ የሚጀምርበት ምክንያት ፊዚክስ ነው። የሚወድቅ ሰው ይዞት የሚወርደው ጉልበት መሬት ሲደርስ የግድ የሆነ ቦታ ላይ ያርፋል። ልዩነቱን የሚያመጣው በምን ያህል ጊዜና በምን ያህል የሰውነት ክፍል ላይ ማረፉ ነው። ድንገት ሲወድቅ እጁን ቀጥ አድርጎ የሚዘረጋ ሰው ክብደቱን በአንድ የእጅ አንጓ ላይ ይጥለዋል፤ አንጓው የሚሰበረውም ለዚህ ነው። የሚንከባለል ሰው ያንኑ ጉልበት ከመቀመጫው እስከ ትከሻው፣ እስከ ክንዱም ድረስ ያካፍለዋል፤ ምቱም በአንድ ጊዜ ሳይሆን እየተራዘመ ያርፋል። ከደረት የተጣበቀው አገጭ ደግሞ የራስ ቅል ከመሬት እንዳይላተም ይጠብቃል። በኔዘርላንድስ የተደረጉ ሙከራዎች ከማርሻል አርት የተወሰደ አወዳደቅ ወደ ጎን በሚወድቅ ሰው ዳሌ ላይ የሚያርፈውን ምት እንደሚቀንስ አሳይተዋል።

ማርሻል አርት ለመጀመር የሚያስብ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል «ካራቴ ይሻላል ወይስ ቴኳንዶ? ጁዶ ወይስ ቦክስ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ጥያቄዎች ይቀድሙታል። ለምን ልማር? ከማን ጋር ልማር?

የተበደለው ልጅ

ጁዶን የመሠረቱት ጂጎሮ ካኖ የተወለዱት በ1860 በጃፓን ነው። በትምህርት ቤት ጎበዝ፣ በአካል ግን አጭርና ቀጭን ነበሩ፤ ጉልበተኛ ተማሪዎች ያሠቃዩአቸው ነበር። ጁጁትሱ የተባለውን የቆየ የትግል ጥበብ ለመማር የተነሡት ለዚህ ነው። ምክንያታቸው ግልጽና ሰው ሁሉ የሚረዳው ነበር፤ ዳግመኛ ላለመጠቃት።

አብሯቸው ከሚማሩት መካከል እጅግ ከባድ የሆነ አንድ ሰው ነበር። በጉልበት እንደማይችሉት ሲገባቸው ቤተ መጻሕፍት ገብተው የምዕራባውያንን የትግል መጻሕፍት ማገላበጥ ያዙ። ከዚያ ያገኙትን በትከሻ ተሸክሞ የመጣል ስልት ለራሳቸው አስማምተው ያንን ግዙፍ ሰው ጣሉት። ከዚያ ወዲህ ካኖን የያዛቸው የበቀል ሐሳብ ሳይሆን የምርምር ፍቅር ነበር። በ1882፣ ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ሳሉ፣ ቶክዮ በሚገኝ አንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ 12 ምንጣፍ በሚያህል ክፍል ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። የጁዶ መመሪያ ያደረጓቸው ሁለት ሐሳቦችም ጉልበትን ሳያባክኑ በአግባቡ መጠቀምና አብሮ ማደግ ናቸው። ራሱን ለመከላከል የመጣው ልጅ የመምህርነትን ሕይወት ይዞ ቀረ።

ሦስተኛው እግር

ትንሽ ሰው ትልቁን እንዴት ይጥላል? መልሱን በርጩማ ያስረዳናል። በርጩማ በሦስት እግሩ ጸንቶ ይቆማል፤ አንዱ እግር ቢነሣ ወደጎደለው በኩል ይጋደማል። የሰው ልጅ የሚቆመው በሁለት እግር ስለሆነ ሦስተኛው እግር ሁልጊዜ የጎደለበት አቅጣጫ አለው። በሁለቱ እግሮች መካከል መስመር ቢሰመር፣ ከመስመሩ ፊትና ኋላ ያለው ደካማው በኩል ነው። የክብደቱ መሐል በዚያ በኩል እግሮቹ ከያዙት ቦታ ካለፈ፣ ግዙፉም ቀጭኑም ይወድቃል። ጁዶ የሚማር ሰው ባላጋራውን ከማንሳቱ በፊት ሚዛኑን ማናጋትን ለዓመታት የሚለማመደው ለዚህ ነው። አባቶቻችን ከጉልበት ብልሃት የሚሉት ነገር እዚህ ጋ በሚዛን ሕግ ይገለጣል።

ከበሩ የሚያስገባና ውስጥ የሚያቆይ

አንዱ ራሱን ለመከላከል ይመጣል፤ ሌላው ክብደት ለመቀነስ፣ ሦስተኛው የብሩስ ሊን ፊልም አይቶ፣ አራተኛው ጓደኛውን ተከትሎ። የትኛውም ምክንያት የሚያሳፍር አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን እንዳስተማሩት ግን ሰውን በአንድ ሥራ ላይ የሚያጸኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ በራሱ ምርጫ መሥራቱ፣ እየቻለ መሄዱን ማየቱና ከሌሎች ጋር መተሳሰሩ። ፍርሃት ከበሩ ያስገባል፤ ፍርሃቱ ሲበርድ ግን ሰው የሚቆየው እነዚህን ሦስቱን ካገኘ ነው።

ቀበቶ እዚህ ላይ ሁለት ፊት አለው። ዳን የተባለውን የብቃት ማዕረግ ለትግል ጥበብ ያዋሉት ካኖ ናቸው፤ የመጀመሪያውንም የሰጡት በ1883 ነው። የቀለም ቀበቶዎች የተስፋፉት ከጊዜ በኋላ በአውሮፓ ነው። ቀበቶ መሻሻልን ሲመሰክር ያበረታል፤ ዋናው ግብ ሲሆን ግን ሊጎዳ ይችላል። በ1973 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን ተከታተለ። ከፊሎቹ ቢሥሉ የምስክር ወረቀት እንደሚሸለሙ አስቀድሞ ተነገራቸው፤ ተሸለሙም። ከሳምንታት በኋላ በነጻ ጊዜያቸው ሲታዩ፣ ሽልማት ጠብቀው የሣሉት ልጆች ካልተሸለሙት ጋር ሲነጻጸሩ ለሥዕል የሰጡት ጊዜ በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። ሽልማት ያልተነገራቸው፣ ድንገት የተሸለሙት ግን ፍቅራቸው አልቀነሰም። ልጁን «ጥቁር ቀበቶ መቼ ነው የምታስረው?» እያለ የሚወተውት ወላጅ ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

አንድ ስፖርት፣ ሁለት ልጆች

ከሁሉም የሚያስተምረው ማይክል ትሩልሰን በ1986 ያሳተሙት ጥናት ነው። በአሜሪካ የጠባይ ችግር የነበረባቸውን 34 ወጣቶች በሦስት ቡድን ከፍለው ለ6 ወራት ተከታተሏቸው። አንደኛው ቡድን ቴኳንዶን ከነሥነ ምግባሩ፣ ከአክብሮቱና ከጽሞናው ጋር ተማረ። ሁለተኛው ያንኑ ቴኳንዶ ቢማርም ምቱንና ፍልሚያውን ብቻ ነበር። ሦስተኛው ሌላ የአካል እንቅስቃሴ ሠራ። በመጨረሻ የመጀመሪያዎቹ ጠበኝነታቸው ቀንሶ በራስ መተማመናቸው ጨመረ፤ ሁለተኛዎቹ ጠበኝነታቸው ባሰ። የጥናቱ ተሳታፊዎች ጥቂት ናቸውና ብቻውን ሁሉን አይፈታም፤ ነገር ግን በአንድ ስም የሚጠራ ስፖርት እንደ አስተማሪው ሁለት ዓይነት ልጅ ሊያወጣ እንደሚችል ያሳያል።

ለየፍላጎቱ

ራስን መከላከል የሚፈልግ ሰው፣ የሚቋቋመው ተጋጣሚ ላይ የሚለማመድበትን ይምረጥ፤ ጁዶ፣ ትግል፣ ቦክስና የብራዚል ጁጁትሱ እንዲህ ናቸው። በአየር ላይ ብቻ የተለማመዱት ምት በጭንቅ ሰዓት ሊከዳ ይችላል። ጥቂት ነገር አብዝቶ መለማመድም ይበጃል፤ አእምሮ የሚመርጠው በበዛ ቁጥር ለመወሰን ይዘገያልና። ማምለጥ ከተቻለ ደግሞ ማምለጥ ይቀድማል።

ቦክስ ድንቅ ስፖርት ነው፤ ነገር ግን ሐኪሙ ሃሪሰን ማርትላንድ በቦክሰኞች ላይ የተደጋጋሚ የራስ ምትን ጉዳት ከገለጹበት ከ1928 ጀምሮ አንጎል ተደጋጋሚ ምት እንደማይወድ እናውቃለን። ወላጅ ጭንቅላት እየተመታ ልምምድ የሚደረግበትን ቦታ ለልጁ አይምረጥ።

መወዳደር ለሚፈልግ ወጣት ቴኳንዶ በአገራችን በሰፊው ይገኛል። በ2000 በሲድኒ ሙሉ የኦሊምፒክ ስፖርት ሆኗል፤ ሰለሞን ቱፋም በቶክዮ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሮበታል። ለአረጋውያን ደግሞ የቻይናው ታይ ቺ አለ። በርካታ ጥናቶችን ያጠናቀሩ ተመራማሪዎች ዝግ ያለው እንቅስቃሴው ሚዛንን እያጠነከረ የሚወድቁትን ሰዎች ቁጥር በአንድ አምስተኛ ያህል ሊቀንስ እንደሚችል አመልክተዋል።

እጅጌውን ማን ይዞታል?

ከመመዝገብዎ በፊት አንድ ቀን ጥግ ይዘው ተቀምጠው ይመልከቱ። ነባሮቹ ጀማሪውን እንዴት ነው የሚይዙት? «በቃኝ» ብሎ ምንጣፉን ሲመታ ወዲያው ይለቁታል? አሠልጣኙ ሲያርሙ ያዋርዳሉ ወይስ ያሳያሉ?

የጁዶ ክፍል ከሆነ የጣዩን እጅ ይመልከቱ። ጥሩ ጁዶኛ ጓደኛውን ሲጥል እጅጌውን አይለቅም፤ በመጨረሻዋ ቅጽበት ወደ ላይ ሳብ ያደርገዋል። የሚወድቀው ሰው በዚያች ሳብታ ጎኑን አስተካክሎ፣ ራሱን ጠብቆ፣ መዳፉን አሳርፎ ይወድቃል፤ ከዚያም ይነሣና ተራው የእሱ ይሆናል። ሌላውን ሰው ለመጣል የመጣ ሁሉ በጊዜ ብዛት ይህን እጅ ይማራል። እጅጌው የማይለቀቅበት ቤት ካገኙ፣ የስፖርቱ ስም ምንም ይሁን፣ ልጅዎን እዚያ ያስመዝግቡ። እርስዎም ጫማዎን አውልቀው ይግቡ።