የሻምበል ሃሊደይ ኒሻኖች

በአንድ የጦር መኰንን ደረት ላይ የተደረደሩት ኒሻኖች ለሚያውቃቸው ሰው እንደ መጽሐፍ የሚነበቡ ናቸው። ጥብጣቡ የዘመቻውን አገር፥ በብሩ ጠርዝ ላይ የተቀረጸው ስም ባለቤቱን ይናገራል። ነገር ግን ኒሻን ጥቂቱን ተናግሮ ብዙውን ይሰውራል። ለዚህም ምሳሌ ይሆነን ዘንድ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የነበረውን የእንግሊዝ የባሕር እግረኛ ጦር መኰንን የሉዊስ ሃሊደይን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሃሊደይ የመድፈኛ መኰንን ልጅ ሲሆን በ1870 ተወለደ፤ በ1889 በመርከብ እየተጓዘ በየብስ በሚዋጋው በዚህ ጦር ውስጥ መኰንን ሆነ። በ1900 ቦክሰር የተባሉት የቻይና ዐመፀኞች በተነሡ ጊዜ በፔኪንግ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ጠባቂ ነበረ። ኃያላን መንግሥታት የቻይናን ወደቦች ይቀራመቱ ስለ ነበር ቍጣው ያለ ምክንያት አልመጣም። ዳሩ ግን በቻይናውያን ክርስቲያኖችም ላይ ወረደ፤ ቄስ ሚትሮፋን ያሉባቸው 222 የኦርቶዶክስ ምእመናን በሰማዕትነት ዐረፉ።

ሌጋሲዮኖቹ ከጁን 20 እስከ ኦገስት 14 ቀን ድረስ ለ55 ቀን ተከበቡ። ጁን 24 ቀን ዐመፀኞቹ በቅጥሩ አጠገብ ያሉትን ቤቶች ይዘው እሳት ለቀቁ። ሃሊደይም 20 ወታደሮች አስከትሎ ቢወጣ በቅርብ የተተኰሰ ጥይት ትከሻውን ሰብሮ ሳንባውን ጐዳው። እርሱ ግን ሦስቱን አጥቂዎች ጥሎ፥ ወታደሮቹን «እኔን ተዉኝ፥ ሥራችሁን ቀጥሉ» ብሎ፥ የሚዋጉት ቍጥር እንዳይጐድል ደጋፊ ሳይቀበል በእግሩ ወደ ሐኪም ቤት ሄደ።

ስለዚህ ሥራው የቪክቶሪያ መስቀል የተባለው ከነሐስ የተሠራ ኒሻን ተፈቀደለት፤ አዋጁ የወጣው ጃንዩዌሪ 1 ቀን 1901 ነው። ንግሥቲቱ በዚያው ወር ስለ ሞተች ልጅዋ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ሸለመው። ሁለተኛው የቻይና ዘመቻ የብር ሜዳይ ነው፤ በጥብጣቡ ላይ ባለችው ትንሽ የብር ሰሌዳ «የሌጋሲዮኖች መከላከል» የሚል ቃል ተጽፎባታል። ይህንን አዛዡም ተራው ወታደርም እኩል ተቀበሉት። የጠባቂዎቹ አለቃ ሻምበል ስትራውትስ ግን በከበባው መካከል ተገድሎ ነበርና ሊያጠልቀው አልቻለም። ከበባው ከተፈታ በኋላ የውጭ ወታደሮች ፔኪንግን እንደ ዘረፉም በብሩ ላይ አልተጻፈም።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1868 ወደ መቅደላ ለዘመቱትም እንግሊዞች የብር ሜዳይ ሰጥተዋል፤ በዘጠኙ የኮከብ ጫፎች መካከል «አቢሲኒያ» የሚለው ስም በዘጠኝ የእንግሊዝኛ ፊደላት ተቀርጾበታል። በእነርሱ ቤት የክብር መታሰቢያ የሆነው ያ ብር ለእኛ የዐፄ ቴዎድሮስን ሞት ያሳስበናል።

ሃሊደይ እስከ ጄኔራልነት ደርሶ ከ1927 እስከ 1930 የጦሩ የበላይ ሆነ፤ በ1966 በ95 ዓመቱ ሞተ። ከሥራው ሁሉ እኛ የምናደንቀው የጣላቸውን ሰዎች ቍጥር ሳይሆን፥ ቈስሎ ሳለ ደጋፊ አልፈልግም ማለቱን ነው፤ ይህም በኒሻኑ ላይ አይታይም።

ስለዚህ የአባት ወይም የአያት ኒሻን በሣጥን ያኖራችሁ ቤተ ሰቦች ሆይ፥ ብሩን ከመወልወል አስቀድማችሁ ታሪኩን ጠይቁ፤ የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉም ጻፉት። ብሩ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል፤ ያልተጻፈው ነገር ግን ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራል።