የተተዉ የአይሮፕላን ማረፊያዎችን ከፎቶግራፍ ላይ ስለ መለየት

በትርፍ ጊዜው ቴምብር የሚሰበስብ ወይም የድሮ ገንዘብ የሚያጠራቅም ሰው አለ። የተተዉ የአይሮፕላን ማረፊያዎችን ከፎቶግራፍ ላይ እየፈለጉ መለየትን ልማድ ያደረጉም አሉ። ሥራው ብዙ ወጪ የለውም፤ ከአየር የተነሣ ፎቶግራፍ፣ ማስመሪያና ትዕግሥት ይበቃሉ። ለጂኦግራፊና ለታሪክ ትምህርት የሚሰጠው ጥቅም ግን ቀላል ስላልሆነ፣ በመተማ በኩል ድንበሩን ተሻግሮ የሚገኘውን የገዳሪፍን አካባቢ ምሳሌ አድርገን ባጭሩ እናስረዳለን።

ማኮብኮቢያ በፎቶግራፍ ላይ የሚታወቀው ቀጥ ያለ በመሆኑ ብቻ አይደለም። መንገድም፣ የባቡር ሐዲድም ቀጥ ይላሉ። ልዩነቱ መንገድ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ሌላ ቦታ መድረሱ፣ ማኮብኮቢያ ግን ከሜዳ ተነሥቶ እዚያው ሜዳ ላይ ማለቁ ነው። ጫፉ ላይ አይሮፕላኑ የሚዞርበት ሰፋ ያለ ቦታ፣ በጎኑ ደግሞ የሚቆምበት ደልዳላ መሬት ብዙ ጊዜ አይታጣም። አቅጣጫው በአካባቢው አዘውትሮ የሚነፍሰውን ነፋስ ይከተላል፤ አይሮፕላን የሚነሣውም የሚያርፈውም ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ ነውና።

ማረፊያው ከተተወ በኋላስ? በጎማ ተረግጦ የጠጠረ አፈር ውኃ እንደ ልብ አያስገባም። ስለዚህ በላዩ የሚበቅለው ሣር ከዳር ካለው ይሳሳል፣ ወይም ቀድሞ ይደርቃል። ከአየር ሲታይ የገረጣ ሰንበር ይመስላል። ፎቶግራፉ በማለዳ ወይም በሠርክ የተነሣ እንደሆነ፣ ጥላ ስለሚረዝም ትንሽ ከፍ ያለ ጠርዝ እንኳ ይለያል። የቀትር ፎቶግራፍ ግን ብዙ ነገር ይደብቃል።

የገዳሪፍ ሜዳ ለጀማሪ አስቸጋሪ ነው። መሬቱ ጥቁር መረሬ ሲሆን በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ደግሞ እግር ይዞ አይለቅም። ከ1937 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በትራክተር የሚታረስ የማሽላ እርሻ ተስፋፍቶበታል። ከዚያም በኋላ መሬቱ በ1,000 ፈዳን፣ ማለትም በ420 ሄክታር ገደማ፣ እየተሸነሸነ ለአራሾች ታድሏል። የእርሻዎቹ ወሰን በማስመሪያ የተሠመረ ስለሚመስል፣ ተማሪ «አገኘሁ!» ብሎ የሚጠቁመው መስመር አብዛኛውን ጊዜ የማሽላ ወይም የሰሊጥ ማሳ ድንበር ይሆናል። መፈተኛው ይህ ነው፤ የማሳ ወሰን እንደ እርሱ ያሉ ጎረቤቶች አሉት፣ ማኮብኮቢያ ግን ብቻውን ነው፤ የማሳዎቹንም አሰላለፍ ብዙ ጊዜ አግድም ይቆርጠዋል።

በዚያ አገር የድሮ ማረፊያ የሚፈለግበት ምክንያት ምንድን ነው? ኢጣሊያኖች ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ከሰላንና ገላባትን ያዙ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ገላባትን ለማስለቀቅ ሲያጠቁ ውጊያው በምድርም በአየርም ነበር። እንዲህ ያለ ጦርነት በየሜዳው ማረፊያ ያስጠርጋል፤ ጦሩ ሲያልፍ ሜዳው ለእረኛ ይቀራል።

ከነዚህ የተረሱ ሜዳዎች አንዱ ከአርባ ዓመት በኋላ የሰው ሕይወት ማትረፊያ ሆኗል። በ1970ዎቹ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደርና ከትግራይ በእግር ተጉዘው በገዳሪፍ አካባቢ ኡም ራኩባን በመሳሰሉ የስደተኞች ሠፈሮች ተጠለሉ። በመንገድና በሠፈር በሺህ የሚቆጠሩ በረሃብና በበሽታ አልቀዋል። በ1974 ዓ.ም. የእስራኤል ሰዎች ከቀይ ባሕር ዳርቻ ብዙ በማይርቅ፣ እንግሊዞች በጦርነቱ ጊዜ ተጠቅመው በተዉት ማረፊያ ላይ ሄርኩለስ የተባለውን የጭነት አይሮፕላን በሌሊት አሳርፈው ስደተኞችን አስወጡ። ብዙም ሳይቆይ ግን የሱዳን ባለሥልጣኖች ነገሩን መጠርጠራቸው ተሰማ። የታወቀ ማረፊያ ለሁሉም የታወቀ ነውና፣ ከዚያ ወዲህ ወደ ገዳሪፍ የቀረበ፣ ማረፊያ ሆኖ የማያውቅ ባዶ ሜዳ መረጡ።

ለፎቶግራፍ ተመልካች ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ለጥቂት ሌሊት ብቻ ያገለገለ ሜዳ ሰንበር አይተውም። የመረሬ አፈር ከሆነማ አንድ ክረምት ይበቃዋል። እኛም አገር ይህን የሚመስል አለ፤ ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ዊንጌት ከካርቱም በአይሮፕላን መጥቶ ጎጃም ውስጥ ሰቀላ ያረፈው ለዚሁ በተጠረገ ሜዳ ላይ ነበር። መጋቢት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ሄርኩለስ አይሮፕላኖች ከገዳሪፍ ከተማ ወጣ ካለ ገለልተኛ ማኮብኮቢያ ወደ 500 የሚጠጉ ቤተ እስራኤላውያንን አሳፍረው በቀጥታ እስራኤል አደረሱ። እንዲህ ያለውን ቦታ የሚያውቁ በዚያ ቀን የነበሩ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹም በሕይወት ስላሉ፣ ፎቶግራፍ ይዞ መጠየቅ ከማስመሪያው የበለጠ ያስገኛል።

ፎቶግራፉ ከየት ይገኛል? ኢጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከአየር ያነሡባቸው 34,000 ያህል ፎቶግራፎች አዲስ አበባ በካርታ ሥራ ድርጅት ተገኝተዋል። በየገበታው ላይ አንዱ ቀጥታ ወደ ታች፣ ሦስቱ በሰያፍ የተነሡ ናቸው። ኮሮና የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ከ1952 እስከ 1964 ዓ.ም. ያነሷቸውም በ1987 ዓ.ም. ከምስጢርነት ወጥተዋል። የዛሬውን ማንም በስልኩ ያየዋል። አሮጌውንና አዲሱን፣ የበጋውንና የክረምቱን ጎን ለጎን ሳያስተያዩ መፍረድ አይገባም።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። ሱዳን ውስጥ በ2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ድንበሩ አካባቢ ፎቶግራፍ አነሣለሁ ማለት አደገኛ ነው፤ በሥራ ላይ ያለ የጦር ማረፊያም የዚህ ጨዋታ ክፍል አይደለም። ለመጀመሪያ ልምምድ የምንመክረው አዲስ አበባን ነው። ከቦሌ በፊት አይሮፕላን ያርፍ የነበረው ልደታ ነበር፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ኦልድ ኤርፖርት» ይባላል። ተማሪዎች የድሮውን ፎቶግራፍ ከዛሬው ጋር ያስተያዩና ማኮብኮቢያው የት ጀምሮ የት ያልቅ እንደ ነበር በእርሳስ ያስምሩ፤ ከዚያ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይጠይቁ።