አርሴኒክ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ እንዴት ይገባል?

በወርቅ ቤቶች መስኮት የምናየው ወርቅ ታሪኩ ከዓለት ይጀምራል። በብዙ የዓለም ክፍል ወርቅ የሚገኘው አርሴኖፒራይት ከተባለ፣ ብረት፣ ድኝና አርሴኒክ ከያዘ ማዕድን ጋር ነው። ወርቁ ወጥቶ የቀረው ዝቃጭ አየርና ዝናብ ሲያገኘው ድኙ አሲድ ይሆናል፤ አርሴኒኩም ይፈታል። ብረቱ ግን ዝጎ አብዛኛውን በላዩ ይይዘዋል። መያዙ ዘላቂ አይደለም፤ አየር በማይደርስበት ጥልቀት ረቂቅ ተሕዋስያን ዝገቱን ሲያሟሙት አርሴኒኩ ከውኃው ጋር ይጓዛል።

ማዕድን ማውጫ የሌለበት አጥቢያም ከዚህ ነጻ ነው አንልም። በስምጥ ሸለቆአችን ከእሳተ ገሞራ አመድ የተከማቸው ደለል አርሴኒክ አለው፤ የውኃው አልካላይነት ሲበረታም ይለቀዋል። ጥርስን በማበለዝ የምናውቀው ፍሎራይድም ብዙ ጊዜ አብሮት ይገኛል።

አርሴኒክ ቀለም፣ ሽታና ጣዕም የለውም፤ ለብዙ ዓመት ሲጠጣ ግን ቆዳን ይጎዳል፣ ካንሰርም ያስከትላል። ውኃውን ማፍላት መጠኑን ያከብደዋል እንጂ አያስወግደውም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር 10 ማይክሮ ግራም ነው። እንግዲህ የሰበካ ጉባኤያት አዲስ ጉድጓድ ሲረከቡ፣ እልልታው ከመቅለጡ በፊት፣ ከጀርም ምርመራው ጋር የአርሴኒክና የፍሎራይድ ውጤት በጽሑፍ እንዲጠይቁ እናሳስባለን።