የውጭ ድርጅት ቡና ላኪ ሲሆን ክሱ የት ይታያል?

ዛሬ የዋጋ ሰንጠረዡን ለጊዜው ትቼ ስለ ኢንቨስትመንት ስምምነት ላውራችሁ። ከዩኒየኖች ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ «የውጭ ድርጅት ቡና መላክ ከጀመረ የእኛን ጥቅም ማን ያስከብራል?» የሚል ነው።

መነሻውን ታውቃላችሁ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ቦርድ መመሪያ ቁጥር 1001 ለአገር ውስጥ ባለሀብት ተከልሎ የነበረውን የጥሬ ቡና፣ የቅባት እህል፣ የጥራጥሬና የጫት ወጪ ንግድ ለውጭ ባለሀብትም ከፈተ። ውድድር በራሱ ክፉ አይደለም፤ ገዢ ሲበዛ የእሸት ቡና ዋጋ ለገበሬው ከፍ ሊል ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው።

ኢትዮጵያ ከብዙ አገሮች ጋር የኢንቨስትመንት ጥበቃ ስምምነት አላት። በእነዚህ ስምምነቶች የውጭው ባለሀብት «መንግሥት በደለኝ» ካለ ጉዳዩን ወደ ዓለም አቀፍ ግልግል ዳኝነት መውሰድ ይችላል። እኔና እናንተ ግን ያው ልደታ ነን።

በእኛ ሥራ ሲታይ እንዲህ ነው። ቡናና ሻይ ባለሥልጣን የውል ምዝገባ ዝቅተኛ ዋጋን ከፍ ቢያደርግ፣ ወይም ላኪው በእጁ የሚያስቀረው የውጭ ምንዛሬ መጠን ቢቀየር፣ የአገር ውስጥ ላኪ አጉረምርሞ ይቀበላል። የውጭው ግን «ፍትሐዊ አያያዝ ተነፍጌያለሁ» ብሎ ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። የከሰሰ ሁሉ አይረታም፤ ከረታ ግን የሚከፈለው ከሁላችንም ካዝና ነው።

ይሄ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእስራኤሉ አይሲኤል ከግብር ውዝግብ በኋላ በአፋር የነበረውን የፖታሽ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2016 ትቶ ወጣ። በዓመቱ ሆላንድ በተመዘገበ ቅርንጫፉ በኩል፣ ኢትዮጵያና ኔዘርላንድስ በ2003 የፈረሙትን ስምምነት ይዞ ኢትዮጵያን ከሰሰ። ልብ በሉ፤ ባለቤቱ እስራኤል፣ ስምምነቱ የሆላንድ።

ታንዛኒያም የማዕድን ሕጓን ቀይራ ፈቃድ በመሰረዟ፣ ከእንግሊዝ ጋር በነበራት ስምምነት ተከሳ በ2023 ከ109 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈረደባት። ከኔዘርላንድስ ጋር የነበራትን ስምምነት በ2019 ብታቋርጥም፣ ቀድሞ የገባው ኢንቨስትመንት ለተጨማሪ 15 ዓመት በዚያው ውል ይጠበቃል። ስለዚህ ጥያቄው መነሳት ያለበት ከፊርማና ከማጽደቅ በፊት ነው።

በእኔ እምነት ዩኒየኖችና የላኪ ማኅበራት ሦስት ነገር መጠየቅ አለባቸው፦

1. መንግሥት በዋጋ፣ በጥራትና በውጭ ምንዛሬ ላይ ደንብ የማውጣት መብቱ በግልጽ ተጽፏል ወይ?
2. ሆላንድም ሆነ ሌላ አገር ስሙን ብቻ ያስመዘገበ፣ እዚያ እውነተኛ ሥራ የሌለው ድርጅት ይጠቀምበታል ወይ?
3. ባለሀብቱ መጀመሪያ በአገር ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲሞክር ይገደዳል ወይ?

ስምምነት የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ረቂቁ ወደዚያ ሲመራ በማኅበራችሁ ስም ደብዳቤ ጽፋችሁ ጠይቁ። ሐሳባችሁን ከታች አስቀምጡልኝ፤ ነገ ወደ ዋጋችን እንመለሳለን።