የሩዝ ማሳና ዳክዬ፤ አደኑ ሊዘጋ ሲቃረብ

ዳክዬ የውሃ ወፍ ናት። የእግሯ ጣቶች በስስ ቆዳ የተያያዙ ስለሆኑ እንደ ታንኳ መቅዘፊያ ውሃውን ይገፉላታል። ላባዋን ከጭራዋ ሥር በሚወጣ ቅባት ስለምትቀባው ውሃ አይዘልቀውም። በጣና ዳር፣ በዝዋይ ወይም በሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አጠገብ የምትኖሩ አንባቢዎች ይህን ከእኛ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ ብዙ ዳክዬ ወደ ሐይቆቻችን ይመጣል። በመጋቢት ገደማ ደግሞ ተመልሶ ይሄዳል። ከእነዚህ መጤ ዳክዬዎች ብዙዎቹ የሚፈለፈሉት በአውሮፓና በሰሜን እስያ ነው። እዚያ የብርዱ ወራት ሲገባ ውሃው በረዶ ይሆናል። በረዶ ከቆለፈው ውሃ ውስጥ ደግሞ ምግብ አይገኝም። ስለዚህ ክፍት ውሃ ፍለጋ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እየበረሩ ይመጣሉ።

በእኛ አገር ብዙው ሰው የዳክዬ ሥጋ ስለማይበላ የሚያሳድዳቸው አዳኝ ብዙ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያም ዳክዬዎች ከሰሜን፣ ከካናዳ፣ ብርድ ሸሽተው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። እንዲያውም ወደ ጣና ከሚመጡት አንዷ፣ ጅራቷ እንደ ወስፌ የሾለችው ዳክዬ፣ እዚያም አለች። ዓይነቷ አንድ ነው፤ መንጋው ግን ሌላ ነው። በየመንገዱ ታዲያ አዳኝ ይጠብቃቸዋል።

እኛ እዚህ የምናወራው በአሜሪካ አርካንሶ በምትባለው ግዛት ስላለው አደን ነው፤ ይልቁንም ወቅቱ ሊዘጋ ሲቃረብ ስላለው። አገሩ ሩቅ ቢሆንም ነገሩ ለገበሬ ቅርብ ነው። የዘርና የማሳ ነገር ነውና።

አርካንሶ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተ ምዕራብ ትገኛለች። አሜሪካ ከምታመርተው ሩዝ ግማሽ ያህሉ የሚበቅለው በእሷ መሬት ነው። የሩዙ አገር ሜዳ ነው፤ አፈሩ ውሃ የሚያቁር ከባድ አፈር ነው። የፎገራን ሜዳ ያየ ሰው እንዲህ ያለውን ማሳ በዓይነ ልቡናው ለመሳል አይቸገርም። ገበሬዎቹ ሩዙን ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በመኪና ያጭዳሉ። ሲታጨድ መሬት ላይ የሚረግፍ ፍሬ መቼም አይጠፋም። ከዚያ ብዙዎቹ የማሳውን የውሃ መውጫ ዘግተው ዝናቡን ያቁሩበታል። ዝናብ ካነሰም በሞተር ስበው ያስገቡበታል። ውሃው ከስንዝር ብዙም አያልፍም። ዳክዬም የምትፈልገው ይህንኑ ነው። አንገቷን ውሃ ውስጥ ዘቅዝቃ፣ ጭራዋን ወደ ሰማይ ሰቅላ ከሥር ያለውን ፍሬ ትለቅማለች። ውሃው ጥልቅ ከሆነ አትደርስበትም።

ይህ ለገበሬውም ይበጀዋል። ውሃ የተኛበት ገለባ ቶሎ ይበሰብሳል። ዳክዬዎቹ የረገፈውን ሩዝና የአረሙን ዘር ስለሚለቅሙ ለከርሞ የሚበቅለው አረም ይቀንሳል። በዚህ ላይ ማሳውን ለአዳኞች ያከራያል። እንግዲህ አንድ መሬት በዓመት ሁለት ጊዜ አበላው ማለት ነው። ስቱትጋርት የምትባለው ከተማ ስሟ የሚጠራው በሩዝና በዳክዬ ነው። ከ1936 ጀምሮ የዳክዬን ድምፅ አስመስሎ የመጥራት ውድድር ይካሄድባታል። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ወራቱን ግን በእኛው አቆጣጠር ጽፈናል።)

አደኑ የሚፈቀድበት ጊዜ በሕግ የተወሰነ ነው። በኅዳር አጋማሽ ገደማ ይከፈታል። መሀል ላይ እየተቋረጠ ቆይቶ በጥር 23 ቀን ገደማ ይዘጋል። የአደኑ ቀናት ሁሉ ቢደመሩ ከ60 አይበልጡም። አንድ አዳኝ በቀን ከ6 ዳክዬ በላይ መግደል አይችልም። በብዛት የምትታደነው ማላርድ የምትባለው ናት። ወንዱ ራሱ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ነው፤ ሴቷ ቡናማ ናት። ከ6ቱ ውስጥ ማላርድ ከ4 እንዳይበልጥ፣ ከ4ቱም ሴቶቹ ከ2 እንዳይበልጡ ተደንግጓል። ስለዚህ አዳኙ ገና በአየር ላይ ሳሉ ሴትና ወንዱን መለየት አለበት። እህል በትኖ ዳክዬ ማጥመድ ክልክል ነው። ሲታጨድ በራሱ የረገፈ ከሆነ ግን ነውር የለውም።

ኅዳር ላይ ማደን ይቀላል። አዳኙ ከፕላስቲክ የተሠሩ አስመሳይ ዳክዬዎችን ውሃው ላይ ያንሳፍፋል። እሱ ራሱ ሣርና ቅጠል ለብሶ ያደፍጣል። በአፉ የሚነፋትን ትንሽ መጥሪያ ይዞ እንደ ዳክዬ ይጮኻል። የሚበሩት ዳክዬዎች ወገኖቻቸው በሰላም የሚመገቡ ይመስላቸውና ይወርዳሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የዚያው ዓመት ጫጩቶች ናቸው። ሰው ምን እንደሆነ ገና አያውቁም።

ጥር ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። እስከ ጥር የቆየችው ዳክዬ ከካናዳ ጀምሮ በየደረሰችበት ተተኩሶባታል። ሞኞቹ አልቀዋል። የቀሩት ተምረዋል። አስመሳዮቹን ከሩቅ አይተው ሦስት አራት ጊዜ ይዞራሉ። ከታች የሚያብለጨልጭ ነገር፣ ቀና ያለ የሰው ፊት ወይም የሚንቀሳቀስ እጅ ካዩ ሽቅብ ይወጣሉ፤ አይመለሱም። ተኩስ ሲበዛባቸው የመመገቢያ ሰዓታቸውን ሳይቀር ይለውጣሉ። ጅብ ቀን ተኝቶ ሌሊት እንደሚወጣ ሁሉ እነሱም ቀኑን ተኩስ በማይፈቀድበት ጥብቅ ሥፍራ ይውሉና ጨለማን ተገን አድርገው ማሳ ይወርዳሉ። በአንዳንድ የመንግሥት ማደኛ ቦታዎች ከቀትር በኋላ መተኮስ የተከለከለውም ወፎቹ ፋታ ካላገኙ አካባቢውን ጥለው ስለሚሄዱ ነው።

ታዲያ ልምድ ያለው አዳኝ በጥር ምን ያደርጋል? ይቀንሳል። በኅዳር መቶ አስመሳይ ካንሳፈፈ አሁን አሥር ወይም ሃያ ያደርጋል። እነሱንም ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያስቀምጣል፤ በጥር ዳክዬዎቹ ራሳቸው ወንድና ሴት እየሆኑ ተጣምረዋልና። ጩኸቱንም ይቀንሳል። ፊቱን በጨርቅ ይሸፍናል። ዳክዬ የምታርፈው ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብላ ስለሆነ ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ይቀመጣል። ነፋስ በሌለበት ቀን ውሃው እንደ መስታወት ይረጋል። ያን ጊዜ አስመሳዮቹ ድርቅ ብለው ስለሚቀሩ ዳክዬዎቹ ይጠረጥራሉ። ስለዚህ አዳኙ በእግሩ ውሃውን ቀስ እያለ ያንቦጫርቀዋል። ሞገዱ ሲደርሳቸው ፕላስቲኮቹ ነፍስ የዘሩ ይመስላሉ።

ከብልሃቱ ይበልጥ ግን ወሳኙ አየሩ ነው። በእኛ አስተያየት የጥር አዳኝ ከጠመንጃው ይልቅ ሰማዩን ማወቅ ይጠቅመዋል። ሌሊት ብርዱ ሲጠና ስንዝር ውሃ የያዘው የሩዝ ማሳ ቶሎ ይረጋና በረዶ ይሆናል። ዳክዬዎቹ ያን ጊዜ ወደሚፈስ ውሃ፣ ወደ ትልልቆቹ ወንዞች ይሄዳሉ። የሚሮጥ ውሃ በቀላሉ አይረጋምና። ብርዱ ከቆየ አርካንሶን ለቀው ይበልጥ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ሁለት ቀን ሞቅ ብሎ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ተርበው ወደ ማሳው ይጎርፋሉ። በዚያ ማለዳ የተገኘ አዳኝ ዕድሉ ሰፊ ነው። በአንጻሩ ብርዱ ቀላል በሆነ ዓመት ከሰሜን የሚገፋቸው ነገር ስለማይኖር ብዙዎቹ እዚያው ይቆያሉ። በአርካንሶ የሚያደፍጠው ሰው ባዶ ሰማይ ሲያይ ይውላል።

ምግቡም ቦታ ይለውጣል። ከረገፈው ሩዝ የበዛው እስከ ጥር አይቆይም። ገሚሱ ይበሰብሳል፣ ገሚሱ ይበቅላል፣ የቀረውንም አይጥና ወፍ ይበሉታል። ስለዚህ በጥር ብዙ ዳክዬ ከማሳው ይወጣና ውሃ ወደተኛበት ደን ይገባል። እዚያ ኦክ የሚባለው ዛፍ የሚጥለውን ጠንካራ ትንንሽ ፍሬ ያገኛል። በበሰበሰው ቅጠል መካከል የሚኖሩ ትንንሽ የውሃ ነፍሳትንም ያገኛል። ሴቷ ዳክዬ ለሚመጣው እንቁላል ሰውነቷን የምትገነባው እንዲህ ባለው ምግብ ጭምር ነው። በደኑ ውስጥ የሚያድን ሰው ፀሐያማ ቀን ይመርጣል። በዛፎቹ ጥላ ውስጥ ተደግፎ ሲቆም ከላይ ሆኖ እሱን ማየት ያስቸግራልና።

ታዲያ ዳክዬው እያለ አደኑ በጥር ለምን ይዘጋል? አንዳንድ አዳኝ በዚህ ያጉረመርማል። ገበሬ ግን ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በጥር የቀረችው ዳክዬ የጎተራ እህል አይደለችም፤ ለዘር የተቀመጠች ናት። ጥይቱን፣ ብርዱንና ረሃቡን አልፋ፣ ጓደኛዋን ይዛ፣ ወደ ሰሜን ልትመለስ ሁለት ወር ያልሞላ ጊዜ ቀርቷታል። በኅዳር የተገደለው ጫጩት ባይገደልም በበሽታ ወይም በአውሬ ሊሞት ይችል ነበር። በመጋቢት የምትገደለው እናት ግን ከነጎጆዋ ሞተች ማለት ነው።

ዱሮ እንዲህ ያለ ገደብ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዓመት ዳክዬ እየገደሉ በበርሜል ሞልተው ለከተማ ገበያ መላክ ሥራ ሆኖ ነበር። ወደ ሰሜን ሲመለሱም ይተኮስባቸው ነበር። ያን ጊዜ አያልቅም ይባል ነበር። ነገር ግን መንጋዋ ሲያልፍ ሰማዩን ያጨልም የነበረች አንዲት የዱር እርግብ በሰው ተኩስና በደን ምንጣሮ እያለቀች ሄዳ የመጨረሻዋ በ1914 ሲንሲናቲ በሚባል ከተማ በአራዊት ማቆያ ውስጥ ሞተች። ከዚያ በኋላ ሰው ነቃ። በ1916 አሜሪካና በካናዳ ስም እንግሊዝ ስለ ተጓዥ ወፎች ውል ተዋዋሉ። በ1918 በወጣው ሕግ መሠረት የዱር ዳክዬ መሸጥ፣ በሚፈለፈሉበትም ወራት ማደን ቀረ። በ1930ዎቹ ከባድ ድርቅ መጥቶ የሰሜኑ ኩሬዎች ሲደርቁ ዳክዬዎቹ እንደገና ተመናመኑ። በ1934 ዕድሜው 16 የሞላው የዳክዬ አዳኝ ሁሉ በየዓመቱ ልዩ ቴምብር እንዲገዛ ታዘዘ። ዋጋው ያን ጊዜ 1 ዶላር ነበር፤ ከ2015 ወዲህ 25 ዶላር ነው። ገንዘቡ ረግረግ መሬት ለመግዛትና ለመጠበቅ ይውላል።

ጥይቱም ተለውጧል። ዱሮ የጥይቱ ፍሬዎች እርሳስ ነበሩ። ዶሮ ጠጠር እንደምትውጥ ዳክዬም እህሉን በሆዷ ለመፍጨት ጠጠር ትውጣለች። ጠጠር መስሏት ከውሃው ሥር የወደቀውን እርሳስ ስትውጥ ትመረዛለች። ያልተተኮሰባት ዳክዬ ሳትቀር በጥይት ሞተች ማለት ነው። ከ1991 ጀምሮ በመላ አሜሪካ ለውሃ ወፍ አደን እርሳስ ተከልክሎ በብረትና በመሳሰለው ተተካ።

አንድ ችግር ግን ገና አልተፈታም። እሱም የደኑ ነገር ነው። ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ ባንቀላፋበት በብርዱ ወራት ውሃ ቢተኛበት ይችለዋል። ነገር ግን አዳኞች ዳክዬው ቶሎ እንዲመጣ ስለሚፈልጉ ለብዙ ዓመታት የውሃው በር ቅጠሉ ሳይረግፍ ሲዘጋ ቆየ። ከአደኑም በኋላ ውሃው ሳይፈስ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ሥሩ አየር ያጣል። ባዩ ሚቶን በመሰሉ የታወቁ ደኖች ውስጥ ትንንሽ ፍሬ የሚሰጡት የኦክ ዛፎች እየደከሙ መጡ፤ ብዙዎቹም ሞቱ። በቦታቸው የሚበቅለው ውሃ የሚችል ሌላ የኦክ ዓይነት ነው። የዚህኛው ፍሬ ግን ትልቅ ስለሆነ ዳክዬ መዋጥ አትችልም። ደኑ አለ፤ ምግቡ ግን የለም። የግዛቲቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ይህን አይቶ ውሃው ዘግይቶ እንዲገባ ማድረግ ጀምሯል። አንዳንድ አዳኞች የኅዳር አደናችን ተነካ ብለው ተቆጥተዋል። እኛ ግን መሥሪያ ቤቱ ደግ አደረገ እንላለን። አንድ ኦክ አድጎ ፍሬ እስኪሰጥ ሃያና ሠላሳ ዓመት ይፈልጋልና።

አደኑ በጥር ከተዘጋ በኋላ ማሳው ጸጥ ይላል። ጠንቃቃ ገበሬ ውሃውን በአንድ ጊዜ አይለቀውም። ዳክዬዎቹ ለጉዞ እስኪደልቡ ጥቂት ሳምንት ያቆየዋል፤ ከዚያም አፈሩ እንዳይታጠብበት ቀስ እያለ ይከፍተዋል። በየካቲት መጨረሻ አብዛኞቹ ወደ ሰሜን ይነሳሉ። በሚያዝያ በአርካንሶ ሩዙ ሲዘራ ሴቷ ማላርድ በካናዳ ሜዳ፣ በሣር መካከል ጎጆዋን ሠርታ ከ8 እስከ 12 እንቁላል ትታቀፋለች።