«ወፈርሽልኝ» እና የስልኩ ሞዴል

ደብረ ታቦር ላይ ዘመድ ሲገናኝ «ወፈርሽልኝ፣ አማረብሽ» ይላል፤ «ከሳሽ» ደግሞ «አመመሽ እንዴ?» ማለት ነው። ዛሬ ግን ልጃገረዶች መክሳት እንፈልጋለን እያሉ ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ ይመጡብኛል፤ መለኪያቸው ስልክ ላይ ያዩት ሞዴል ነው።

ያ ፎቶ ብዙ ጊዜ በኮምፒውተር የተነካካ ነው። ፈረንሳይ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሞዴሉ የሰውነት ቅርጽ የተቀየረበት የማስታወቂያ ፎቶ ላይ ይኸው እንዲጻፍ፣ ሞዴሎችም የሐኪም ማስረጃ እንዲይዙ ታስገድዳለች። ደግ አደረገች!

አርአያ ካስፈለገ ሞዴሏ ሊያ ከበደ አለችላችሁ፤ ወገቧን ተዉትና ሥራዋን እዩ። በ2005 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት የእናቶችና ሕፃናት ጤና አምባሳደር ሆነች፤ በ2007 እ.ኤ.አ. የአገራችን ሸማኔዎች የሚሠሩበትን «ለምለም» የተባለ የልብስ ድርጅት መሠረተች።

ለሃይማኖት ብሎ መጾም ሌላ ነገር ነው። ለመክሳት ብላ ምግብ የምትዘል፣ የሚያዞራት ወይም የወር አበባዋ የቀረ ልጅ ካለቻችሁ ግን ሳትቆጧት ጤና ጣቢያ ይዛችኋት ኑ።