«ሂም» የት ሄደ?

የእህቴ ልጅ የስምንተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ደብተሯን ሽንኩርት የምከትፍበት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አኩርፋለች። ሁለት ዓረፍተ ነገር አጣምሩ ተብለው ነበር፦ «ዘ ማን ኢዝ ኤ ቴይለር» እና «አይ ሜት ሂም የስተርደይ»። እሷ «ዘ ማን ሁ አይ ሜት ሂም የስተርደይ ኢዝ ኤ ቴይለር» ብላ ጻፈች። «ሂም» ላይ ቀይ ተሰመረበት።

«አክስቴ፣ ‹እሱን› ካላልኩ ማንን እንዳገኘሁ በምን ይታወቃል?»

የሰነፍ ጥያቄ አይደለም፤ የሚጠይቀው አማርኛዋ ነው። እኛ «ትናንት ያገኘሁት ሰውዬ ልብስ ሰፊ ነው» እንላለን። «ያገኘሁት»ን ደብተሯ ጠርዝ ላይ በጣጥሰን አየነው። መነሻው ላይ የተሸሸገው «የ» አጣማሪው ነው። «ሁ» እኔ ነኝ፤ የእንግሊዝኛው «ሁ» እንዳይመስልሽ አልኳት፣ ሳቀች። ጫፍ ላይ ያለችው «ት» ደግሞ ራሷ «ሂም» ናት። «ያገኘሁ ሰውዬ» ብንል ጆሯችን ይቆረቁረዋል። በእንግሊዝኛ ግን «ሁ» ራሱ «ሂም»ን ተክቶ ወደ ፊት ስለመጣ (ጥንቁቆቹ እዚህ ላይ «ሁም» ይላሉ) የድሮ ቦታው ባዶ መቅረት አለበት። «ሂም»ን መመለስ አንዱን ሰውዬ ሁለት ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው።

ቢላውን አነሳሁ። «ሽንኩርት የከተፍኩበት ቢላ» ስንል «በት» አለች። እንግሊዝኛው «ዘ ናይፍ ዛት አይ ቾፕድ ዚ አንየንስ ዊዝ» ይላል። «ዊዝ» ብሎ ዝም! ለእኛ ጆሮ ያላለቀ ወሬ ነው፤ የሚበላሸው ግን «ኢት» ሲጨመርበት ነው።

እኛ ገለጻውን እናስቀድማለን፣ እነሱ ስሙን ጠርተው ከኋላው ያብራራሉ። ይሄን ልጆች ቶሎ ይለምዱታል።

አጣማሪውንም መጣል ይቻላል፤ «ዘ ማን አይ ሜት» ትክክል ነው። ከ«ሁ» ቀጥሎ ሌላ አድራጊ፣ «አይ» ወይም «ሺ»፣ ካለ ይወድቃል። ግሱ ወዲያው ከተከተለው ግን አይነካም። «ዘ ውመን ሁ ሴልዝ እንጀራ» ውስጥ «ሁ» ከወጣ፣ ሴትዮዋ እንጀራ ትሸጣለች ብለን ነገሩን ጨረስነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ወንድሟ ነበር፤ ሹፌር ነው፣ ዱባይ ነው የሚኖረው። በአማርኛ «ዱባይ የሚኖረው ወንድሜ» ካልን ስንት ወንድም እንዳለን አይታወቅብንም። እንግሊዝኛ ግን ይቆጥራል፤ «ሁ ሊቭዝ ኢን ዱባይ» ያለ ኮማ ከተጻፈ ሌላም ወንድም አለ ማለት ነው፣ በሁለት ኮማ ከታጠረ ግን ያለው እሱ ብቻ ነው።

«ስንት ወንድም አለሽ?»

«እሱን ብቻ።»

ሁለቱን ኮማዎች ወረቀቱ እስኪበሳ ተጭና ጻፈቻቸው።